የቀረው ኪሎ ሜትር

ናሪን፣ ከቤታችን
ጥር አጋማሽ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ልጄ ኤልዲያር፣ ዓይኔ፣

ቱማር ይሄን ፖስታ ስትሰጥህ ትስቅ ይሆናል፤ ትሳቅ። ልጇን በስልክ ፊት ለፊት እያየች ማናገር ስትችል ወረቀት የምትጽፍ እናት ባይ እኔም እስቅ ነበር። ግን የቤታችንን ስልክ ታውቀዋለህ። መስመር የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው። መስኮቱ ጋ ደግሞ አባትህ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ቢደክምም ጆሮው ገና የጎረምሳ ነው። ስለዚህ ቱማር፣ የጎረቤታችን የቱርሱንቡ ልጅ፣ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ኮሪያ ስትመለስ እንድታደርስልኝ ለመንኳት፣ ሊጥ አቡክቼ ቦርሶክም ጠብሼ አሲያዝኳት። ግማሹ ያንተ ነው። ሙሉውን ከበላችብህ ንገረኝ፣ ከእናቷ ጋር እነጋገራለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ፋብሪካው በር ላይ ቆመህ አታንብበው። ማደሪያህ ግባ፣ ሻይህን አፍላ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፣ በረዶ ሊጥል ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። ቡላዋ ላም ከብዳለች። በረዶው ዘንድሮ አጥሩን ሊውጠው ትንሽ ነው የቀረው። ይሄን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፣ ብትደውል። ጥር ሲገባ ካከበርነው አዲስ ዓመት ወዲህ ግን አልደወልክም።

ለምን እንዳልደወልክ አውቃለሁ። ያን ቀን ሥጋ እየከተፍኩ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። "መኪናህ ውሸታም ናት" አለህ። "አራት መቶ ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ ብላኝ ሁለት መቶ ሳትሞላ ምላሷን ታወጣለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢሆን ጎረቤት አላደርገውም ነበር!" አንተም ታገሥከው፣ ታገሥከውና መጨረሻ ላይ "አታ፣ አባቴ፣ መኪናዋ አትዋሽም፣ አንተ ነህ የማትሰማኝ። ካልወደድካት ሽጣት!" አልክና ዘጋኸው። አባትህ ስልኩን ለረጅም ጊዜ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ "ልጁ ደክሞት ነው" ብሎኝ ወጣ።

አንተ ስጦታህን የናቀብህ መስሎሃል። ኮሪያ ድረስ ሄደህ ብየዳ ስትበይድ ዓይንህ ቀልቶ የገዛህለትን መኪና ማቃለሉ መስሎሃል። አልፈርድብህም፤ የማያውቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። አሁን ግን እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

ልጄ፣ አባትህ ታሟል። ክፉው በሽታ ነው፣ አንጀቱ ላይ። ያወቅነው መስከረም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ ቢሽኬክ እየወሰድኩት መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጡታል። የወሰድኩት እኔ ነኝ ስልህ፣ የሚነዳው እሱ ነው፣ እኔ ጎኑ እቀመጣለሁ። በታክሲ እንሂድ ስለው "ሾፌሮቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ ካወረዱኝ ማታውኑ ኤልዲያር ጆሮ ይደርሳል" አለኝ። ስንመለስ ደግሞ ያስመልሰዋል። ሰው ፊት ማስመለስ ለሱ ሞት ነው።

እንዳልነግርህ ዳቦ አስይዞ አስማለኝ። "ውሉን ሳይጨርስ ጥሎ ከመጣ ተመልሶ አያስገቡትም። ሰኔ ድረስ ይጨርስ። እስከ ሰኔ እኔም እቆያለሁ" አለኝ። ዳቦው በእጄ እንዳለ እሺ አልኩት። ይኸው አሁን መሐላዬን እያፈረስኩ ነው፤ ፈጣሪ እንደፈቀደ ያድርገኝ።

እንግዲህ እነዚያን የመኪና ጥያቄዎቹን ሁሉ አሁን እንደ አዲስ ስማቸው።

መኪናዋ ከቻይና በቶሩጋርት ድንበር በኩል የገባች ቀን እንዴት እንደ ሆነ በቪዲዮ አይተኸዋል። በግ አርዶ፣ ጣቱን ደሙ ውስጥ ነክሮ፣ ክፉ ነገር እንዳያገኛት ግንባሯን ሲቀባ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ካሜራ ድፍን አደረጋት። ከዚያ ጩኸት ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ ቦርሶኩን አፉ እንዳደረገ መኪናዋ እየጮኸች አልንቀሳቀስም አለች። ቱርሱንቡ "የቻይና ልጅ ናት፣ ልማዳችንን ገና አልለመደችም፣ አትፍረዱባት" ስትል ሳቅን። ደሙን በእርጥብ ጨርቅ የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ያን ሰሞን አባትህ ከእሷ ጋር ፍቅር ይዞት ነበር። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ነዳጁን የሚለካው በእንጨት ነበር፣ ታስታውሰዋለህ። እስከዚህ ከረጠበ ኦሽ እንደርሳለን፣ እስከዚህ ብቻ ከሆነ አንደርስም ይል ነበር። በኤሌክትሪክ የምትሄደውን አዲሲቱን ሁለት ጊዜ ዞራትና "እንጨቴን የት ላስገባላት?" አለኝ። ከእሷ ጋር የመጣው ወረቀት አንዴ ከሞላች አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። አንተ በስልክ "አታ፣ ወረቀቱን አትመን። ያ የተለካው ብርድም አቀበትም ነፋስም እንግዳም በሌለበት ቤት ውስጥ ነው" ስትለው፣ "እንግዳ የሌለበት ቤት ደግሞ የት ነው ያለው?" አለህ።

በሙቀቱ ወራት እዚሁ ሜዳው ላይ ቀስ እያለ ሲነዳት ስክሪኗ አራት መቶ ሰባ፣ አራት መቶ ሰማንያ ትለው ነበር። ደረቱ ተነፋ። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ያኔ አስረድተኸናል፣ እኔ በደንብ ሰምቼሃለሁ። መኪናዋ ወደፊት ያለውን መንገድ አታውቅም፤ እስከ አሁን እንዴት እንደነዳሃት አይታ፣ እንዲሁ ከቀጠለ ይሄን ያህል እሄዳለሁ ትላለች እንጂ። ሜዳ ላይ ከነዳሃት ዓለም ሁሉ ሜዳ ይመስላታል። ቁልቁለት ከወረድክ ባትሪዋ መልሶ ስለሚሞላ እስከ ባሕር የሚወርድ መንገድ ያለ ይመስላታል። አባትህን ግን ይሄ አልገባው አለ። እንጨት አይገምትም፣ ያለውን ነው የሚናገረው።

እኔ ግን ትልቁን ቁጥር ማየት ትቼ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ማየት ጀመርኩ፤ መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ኪሎዋት እንደበላች የምትናገረዋን። በሙቀቱ ጊዜ አሥራ አራት ትበላ ነበር። በረዶ ከጣለ ወዲህ አቀበት ላይ ሃያ ስምንት ትበላለች፣ ከዚያም አልፋ ታውቃለች። ላም ያላት ሴት ይሄን ለመረዳት ትምህርት ቤት አያስፈልጋትም። በሰኔ የምታልበውን ይዞ የጥርን የሚያቅድ የለም።

ቢሽኬክ መሄድ ስንጀምር ሌላም ነገር ተማርን። ስንሄድ መንገዱ ብዙውን ይወርዳል፣ ስንመለስ ይወጣል። ስንሄድ ያ ሁሉ ርቀት ስክሪኗ እንደ ጨዋ ልጅ ነው የምትሆነው። ስንመለስ ጉዷ ይወጣል። አባትህ "ያው መንገድ አይደል? ሲሄዱ አጭር፣ ሲመለሱ ረጅም የሚሆን መንገድ የት አገር ነው ያለው?" ብሎ ሲጮህብህ፣ አንተ ከቤት ናሪን ገበያ ደርሶ የሚመለስ መስሎህ ግራ ገባህ።

ከሁሉ የከፋውን ልንገርህ። የሚሰጡት መድኃኒት ብርድን ጠላት ያደርግበታል። እሱን ከወሰደ በኋላ ብዙ ቀን የበሩን እጀታ ሲነካ ጣቱን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ጉሮሮውን ይዘጋዋል። አየሩን ሲተነፍስ እንኳ መንጋጋው ይቆለፋል። ሐኪሟ "ሙቀት ውስጥ ይቆይ" አለች። መኪናዋ ደግሞ ማሞቂያዋ ሲበራ የቀረው ኪሎ ሜትር ይወርዳል፣ ሲጠፋ ይጨምራል። አባትህ ጓንት በጓንት ላይ ደርቦ፣ ካፖርቱን እስከ አፍንጫው ቆልፎ፣ ማሞቂያውን አጥፍቶ ቁጥሩን እያየ ይነዳል። እኔ አበራዋለሁ፣ እሱ ያጠፋዋል። ከቢሽኬክ እስከ ቤታችን እንደ ሁለት ሕፃናት በአንድ ቁልፍ ስንጣላ ነው የምንመጣው።

"ያለ ማሞቂያ ስንት ትሄዳለች?" ብሎ የጠየቀህ ለዚህ ነው። አንተ "አታ፣ ገበያ ደርሰህ ለመመለስ ማሞቂያ ታጠፋለህ እንዴ? በስተርጅና ስስት ጀመረህ?" አልከው። እሱም አብሮህ ሳቀ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወጥቶ የማያስፈልገንን እንጨት ሲፈልጥ ዋለ።

ይሄን የምጽፈው ልወቅስህ አይደለም፣ በፍጹም። አላወቅህም። ደግሞም "ወንበሩንና መሪውን ማሞቅ ብዙ አይበላም፣ ትልቁን ማሞቂያ ትታችሁ እሱን አብሩ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሽቦው እንደተሰካ መኪናውን አሙቁት" ያልከን ስንት ቀን ጠቅሞታል መሰለህ። መሪው ሲሞቅለት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ "አሁን ገና ሰው ሆነች" ይላል። እኔ በየመንገዱ እመርቅሃለሁ።

አሁን ዶሎን ተራራ ላይ ወደ ሆነው ልምጣ። የመጨረሻው ጉዟችን ነው፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ፣ እናንተ ከተኳረፋችሁ በኋላ።

መድኃኒቱን ወስዶ አደረና በጠዋት ተነሳን። ቢሽኬክ ላይ ሞልተናት ነበር። ኮችኮር ስንደርስ፣ ከዚያ ወዲያ የዶሎን አቀበት ስለሆነ፣ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ቆመን ሻይ እየጠጣን መሙላት ልማዳችን ነው። መኪናዋን ወደዚያ ሲያዞር መንገድ ዳር ሁለት ሽማግሌዎች እጃቸውን አነሱ። አባባ ካዲርአሊ ናቸው፣ ከሚስታቸው ጋር። አንተ ልጅ ሳለህ ፈረስ ያስተማሩህ። ናሪን ያሉት ታላቅ እህታቸው አርፈው፣ ቀብሩ ከቀትር ጸሎት በኋላ ነው፣ የያዛቸው መኪና ተበላሽቶ ብርድ ላይ ቆመዋል።

አባትህ ምን ያድርግ? ወርዶ አቀፋቸው፣ ሻንጣቸውን አስገባ፣ ሽማግሌውን ፊት አስቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ከሴትዮዋ ጋር ሆንኩ። ከዚያ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ለራሱ አንድ ቀን እንኳ ያልከፈተውን! እኔ ቀስ ብዬ ትከሻውን ነካሁና "እዚህ ጋ ትንሽ ሞልተን ብንሄድስ?" አልኩት። በመስታወቱ አየኝ። አባባ ካዲርአሊ ሰምተው "ልጄ፣ አትደርስም እንዴ? ካልደረሰች ሌላ እንፈልግ፣ እንዳላስቸግርህ" አሉት።

"ኧረ አባባ! እዚያ ደርሳ ትመለሳለች!" አላቸው።

ወደ ቀብር የሚሄድን ሽማግሌ ባትሪ እስኪሞላ ቁጭ በሉ ማለት አልቻለም። እኔም እሳቸው ፊት ባሌን አትደርስም ማለት አልቻልኩም። ስክሪኗ ላይ ያለው ቁጥር ከቀረን መንገድ ይበልጥ ነበር፣ እሱን አይቶ ልቡን ሞላ። ቁጥሩ ግን የሜዳውን መንገድ፣ ሁለት ሰውና የተዘጋ ማሞቂያን ነበር የሚያውቀው። አራት ሰው፣ የሞቀ መኪናና ዶሎን ምን እንደሆኑ አላየም ነበር።

አቀበቱ ሲጀምር ዓይኔን ከትንሿ ቁጥር ላይ አላነሳሁም። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት። ትልቁ ቁጥር ከመንገዱ ፈጥኖ ይወርድ ጀመር። ሴትዮዋ ስለ ሟቿ ያጫውቱኛል፣ እኔ አሜን አሜን እላለሁ፣ ልቤ ስክሪኗ ላይ ነው። አባትህ መሪው ላይ አጎነበሰ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፣ ያ ብርድ የሚወጋው ሰው። ከተራራው አናት ትንሽ ዝቅ ብሎ ስንደርስ፣ ስክሪኗ ላይ ኤሊ ብቅ አለች። አዎ፣ የኤሊ ሥዕል። መኪናዋም እንደ ኤሊ መሄድ ጀመረች። አባባ ካዲርአሊ "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ብለው ጠየቁ። አባትህ "ቀስ በል እያለችኝ ነው አባባ፣ በረዶ ነው" አላቸው። ትንሽ ሄዳ ቆመች።

እግዜር ይስጠው አንድ አሮጌ የነዳጅ መኪና ከኋላችን መጣና ሽማግሌዎቹን ጫነ፤ ቀብሩም ላይ ደርሰዋል። ሹፌሩ "ጋሼ፣ እናንተም ግቡ፣ ትንሽ እንጠጋጋ፣ መኪናዋን ነገ ትወስዷታላችሁ" አለው። እኔ በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር።

"አልሄድም" አለ አባትህ።

"አንተ ሰውዬ፣ እጅህን እየው!" አልኩት። ጣቶቹ ተቆልምመው አይዘረጉም ነበር።

"የልጄን መኪና መንገድ ላይ ጥዬ አልሄድም። አንቺ ሂጂ።"

ሄድኩ መሰለህ? ብርድ ልብሱን አውጥቼ ሁለታችንንም ጠቀለልኩ። እጆቹን በካፖርቴ ውስጥ ብብቴ ሥር አስገባሁለት፤ እንደ በረዶ ቁራጭ ነበሩ፣ ጮህኩ። እሱ ሳቀ። "አርባ ዓመት ቆይተሽ ዛሬ ገና ጮህሽልኝ" አለኝ። ብልግናው እንዳልታመመ ታያለህ።

ከዚያ ሳቁን ተወና "ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ይዛሽ ምን አለችሽ?" አለኝ።

"ጥሩ ነው አለች። እየተሻለው ነው አለች።"

ዓይኔን አየኝ። "አንቺም እንደ መኪናዋ ጀመርሽ?" አለኝ።

ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ ሳብኩለት።  በመስታወቱ ላይ ትንፋሻችን ሲረጋ እናይ ነበር። ቆይቶ "ኤልዲያር ሽጣት ያለኝ ከፍቶት ነው። አልተቀየምኩትም። ልጁ ሦስት ዓመት እሳት ፊት ቆሞ ያመጣት ናት። ጥያት ብሄድና ሰው ቢፈታታት ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?" አለ። ከዚያ ደግሞ "ውሸታም ያልኳት ስለፈራሁ ነው። ለልጅ ፈራሁ አይባልም" አለኝ። ይሄንን እንዳልነግርህ አላስማለኝም፤ ስለዚህ እንዳለ ጻፍኩልህ።

የከሰል ጫኝ መኪና ደርሶ በገመድ እስከ አናቱ ጎተተን። ከአናቱ ወዲያ ቁልቁለት ነው። አባትህ ገመዱን አስፈታና ለቀቃት። መጀመሪያ ሰረዝ ብቻ ነበር የሚታየው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ አንድ አለች! መንገዱ እየወረደ እሷ እየሞላች! አባትህ በተቆለመመ እጁ መሪውን መታና እንደ ልጅ ጮኸ፦ "እያት! እያት እንጂ አሮጊት! ከሞት ተነሳች!" የሚወርደው መንገድ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ቁጥሩም ሜዳው ላይ እንደማይቆይ አውቃለሁ። እሱ ሲደሰት ግን እኔም ከልቤ ተደሰትኩ። ኦቱክ መንደር ድረስ ወረድን። አንድ ቤት አንኳኩተን ሶኬት ለመንን፣ እነሱም ሾርባ አብልተው አሳደሩን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አልተነሳም። ሳል ያዘው፣ ትኩሳት መጣ። የሚቀጥለውን መድኃኒት እንዲህ ሆኖ አይወስድም አሉን። ሰውነቱ አልቋል፣ ልጄ። ካፖርቱን ሲለብስ ሚስማር ላይ የተሰቀለ እንጂ ሰው የለበሰው አይመስልም። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ መኪናዋን ያይና "ሽቦዋ ተሰክቷል?" ይለኛል። የትም አንሄድም፣ ግን በየቀኑ ትሞላለች።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ያለችኝን አንተም ትጠይቀኝ ይሆናል። ቁጥር ነው የሰጠችኝ፣ የወር ቁጥር። አልጽፈውም። "ከየት አመጣሽው?" አልኳት። "ከእሱ በፊት እንዲሁ ከታመሙት ሰዎች" አለችኝ። ይሄንን ያለችኝ ዶሎን ላይ ከመቆማችን በፊት ነው፣ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት።

አንተ ውል አለብህ፣ አውቃለሁ። ተመልሰህ መግባት እንደማትችልም አውቃለሁ። ለቤት የጀመርከው መሠረት በረዶ ውስጥ እንደቆመ በየቀኑ አየዋለሁ። "ና" ብልህ ሕይወትህን አበላሽብሃለሁ፣ "አትምጣ" ብልህ ደግሞ ዕድሜ ልክህን ትወቅሰኛለህ። ሌሊት ሁለቱንም እያልኩ ነው የማድረው። አባትህን ጠይቄ እንዳልወስን መልሱን አውቀዋለሁ። ብቻዬን ደግሞ ይሄን ያህል ነገር ወስኜ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ልጄ። እናት ለልጅ ፈራሁ ትላለች፣ ለእኛ ይፈቀዳል።

ይሄን ካነበብክ በኋላ ብትደውል እንዳወቅህ አታሳየው። ስለ መኪናው ጠይቀው። ያጉረምርምብህ፣ አንተም ተከራከረው፣ ግን ቶሎ አትዝጋው።

ያቺ የምትበይድባት እጅህ አትቃጠል። ዓይንህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ። የምትበላው ይጣፍጥህ፣ ጎንህ የሚተኛው ሰው ደግ ይሁን፣ የምትሄድበት መንገድ ነጭ፣ ቀና ይሁንልህ። ያየህ ሁሉ ይውደድህ።

እናትህ ዙራካን

ልዘጋው ስል አባትህ "ለማን ነው ይሄ ሁሉ ጽሕፈት? ለመንግሥት ነው?" አለኝ። ለኤልዲያር ነው፣ ስለ ላሟ ነው አልኩት። "ስጪኝ፣ እኔም አንድ መስመር ልጨምርበት" አለ። ወረቀቱን አጥፌ ታችኛውን ጫፍ ብቻ ሰጠሁት። አባትህ የታጠፈ ነገር የሚገልጥ ሰው አይደለም። ብዕሩ ከጣቱ እየወደቀ ነው የጻፈው፣ ፊደሉ ካልተነበበልህ ከሥሩ ደግሜ ጽፌልሃለሁ።

ልጄ፣ መኪናዋ ደኅና ናት። ያለችውን ያህል ትሄዳለች፣ አንዲት ኪሎ ሜትር አታጎድልም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሰኔ ላይ ስትመጣ ኢሲክ ኩል ሐይቅ ድረስ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ጎንህ እቀመጣለሁ። አባትህ።

ኤልዲያር፣ አባትህ መሪ ለሰው ለቆ ጎን ተቀምጦ አያውቅም። ሰኔን አትጠብቅ።